ባህር ዳር ላይ ሊኑክስ ማስጫን፦ የት ልውሰደው፣ የትኛውን ልጫን? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦
ሰላም ለናንተ። አንድ የቆየች ኤችፒ ላፕቶፕ አለችኝ፣ ኮር አይ 5 6ኛ ጀነሬሽን፣ ራሟ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኳ የድሮው ዓይነት። ዊንዶውስ 11 አልቀበልም አለች። ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነጻ ሲስተም) አሪፍ አድርጎ የሚጭን ሱቅ የምታውቁ ጠቁሙኝ እስኪ፣ የትኛው እንደሚሻልም ጭምር። መመረቂያ ጽሑፌን የምጽፈው በሷ ነው።

መልስ፦
ወንድሜ እኔ እዚሁ ድባንቄ ሆኜ ያለፍኩበት ነገር ስለሆነ ትንሽ ረዘም ላርገው። ላፕቶፕህ ምንም አልሆነችም፣ ዊንዶውስ 11 ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን በወጉ አይቀበልም፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይፈልጋል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ አፕዴቱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ ቆሟል።

ሱቅን በተመለከተ፣ አንዱ ጋ (ስሙ ይቅር) ገብቼ ሊኑክስ ስለው ልጁ ከላይ እስከ ታች አየኝና "እሱ ምን ያደርግልሃል፣ 11ን በዘዴ ልጫንልህ" አለኝ፣ ጫነልኝም፣ ግን በ4 ጊጋ ራም ከፍቼ እስኪነሳ አቦሉ አልቆ ቶና ይደርሳል፣ ይባስ ብሎ ዲ ድራይቭ ላይ የነበረው የእህቴ ሰርግ ፎቶ አብሮ ተጠርጎ ሄደ። ስለዚህ ሱቅ ከገባህ መጀመሪያ "ዳታዬን ሳትነካ ከዊንዶውስ ጎን ጭነህ ታውቃለህ ወይ" በለው፣ "ችግር የለም ሁሉንም አጥፍተን በአዲስ ነው" ካለህ ላፕቶፕህን ይዘህ ውጣ።

ከሱቅ ይልቅ ፖሊ ካምፓስ ያሉ የኮምፒውተር ልጆች ይሻሉሃል፣ ብዙዎቹ ለትምህርታቸው ብለው ጭነውት ያውቃሉ፣ ክፍያቸውም ምሳና ማኪያቶ ነው። ፈተና ሰሞን ግን አታገኛቸውም፣ ደግሞ የሚጭኑብህ ለራሳቸው የሚወዱትን ነው፣ ለኔ አንዱ አርች የሚባለውን ለጀማሪ የሚከብድ የሊኑክስ ዓይነት ሊጭንልኝ ነበር አረ በስማም! ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጠቅ ጠቅ አድርገው ሲጨርሱ ምን እንደሠሩም አታውቀውም፣ ቁጭ ብለህ እያየህ አሠራ።

እኔን ብትሰማኝ ግን ለማንም ሳትከፍል ራስህ ሞክረው። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፣ ሚንት የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ስለሚጠጋ በማታ ፓኬጅ አውርደው፣ ከዛ ሩፈስ በምትባል ነጻ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ትጽፈዋለህ (ፍላሹ ላይ ያለው ይጠፋል፣ አስቀድመህ ገልብጥ)። ኤችፒ ሲነሳ ኤስኬፕ ነካ ነካ አርገህ ኤፍ 9 ትጫናለህ፣ ፍላሹን ትመርጣለህ፣ በቃ ሃርድ ዲስኩ ሳይነካ ከፍላሹ ይነሳልሃል። ዋይፋዩን፣ ድምጹን፣ ካሜራውን እዛው ፈትሽ። ብሮድኮም ካርድ ያላቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ዋይፋይ ያስቸግራል፣ ስልክህን በገመድ ሰክተህ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ማጋሪያ) አብራና ድራይቨሩን በሱ አውርድ።

ለጫኝ ልትከፍለው የነበረውን ብር ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ) ላይ ጨምርበት። ይሄን አጥብቄ ነው የምልህ፣ የላፕቶፕህ ዋና በሽታ ዊንዶውሱ ሳይሆን ያ የሚሽከረከር ዲስክ ነው፣ የኔ ኤስኤስዲ ከገባላት ወዲህ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ትነሳለች።

የትኛው ላልከው ለ4 ጊጋ ሚንት፣ ያውም ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀላሉ። ከሌሎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱ ስሙ ገናና ነው ግን ባንተ ራም ክሮም ከፍተህ ሦስት አራት ታብ ስትጨምር መንተፋተፍ ይጀምራል። ዞሪን መልኩ ዊንዶውስ ስለሚመስል ለእናት ለአባት ጥሩ ነው። ሚንት 22 እስከ 2029 በፈረንጅ አቆጣጠር አፕዴት አለው፣ አንተ እስክትመረቅ ይበቃሃል ብዬ አስባለሁ ሃሃ።

እኔን ያስቀየረኝ ግን ፍጥነቱ አይደለም፣ ፔዳ ካምፓስ በር አካባቢ ለፕሪንት የሰጠሁት ፍላሽ ነው። ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው፣ ስትነካቸው ቫይረሱ ላፕቶፑ ውስጥ ይገባል። ያ ቫይረስ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይነሳም፣ የደበቃቸው ፎልደሮችም ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ አሁን የሰፈር ሰው ፍላሽ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚታከመው።

አማርኛ ለመጻፍ ኪማን ሊኑክስም ላይ አለ። ፓወር ግዕዝ ግን የዊንዶውስ ነው፣ በድሮው ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ካለህ ሊኑክስ ላይ ስትከፍተው ዝባዝንኬ ነው የሚሆንብህ። መመረቂያ ጽሑፉም እንደዛው፣ ሊብሬኦፊስ የወርድ ፋይል ይከፍታል ግን ማውጫውና ገጽ ቁጥሩ ሊዛነፍ ይችላል፣ አማካሪህ ወርድ ላይ ኮሜንት የሚጽፍልህ ከሆነ ዊንዶውሱን አታጥፋ፣ ጎን ለጎን ጫናቸው። ፋስት ስታርታፕ የምትባለዋን (ቶሎ እንዲነሳ ብላ ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ የማትዘጋዋን) ዊንዶውስ ላይ አጥፋት፣ አለዚያ ከሊኑክስ ሆነህ ዲው ላይ ምንም መጻፍ አትችልም። ሁለቱን እያቀያየርክ ስትከፍት ደግሞ ዊንዶውስ ሰዓቱን 3 ሰዓት ወደኋላ ሊያሳይህ ይችላል፣ የኛም የፈረንጅም ያልሆነ ሰዓት! አትደንግጥ፣ ሊኑክሱ ላይ በአንድ ትእዛዝ ይስተካከላል። ባትሪህ የሞተ ከሆነም መብራት በማይሄድበት ሰዓት ጫን፣ እንደዛ ያለ ሰዓት ካገኘህ።

ሌላ መልስ፦
ዝም ብላችሁ ሰው አታሳስቱ፣ እኔ አካውንታንት ነኝ፣ ያለ ፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራሙ) እንጀራ የለም። አውቶካድ (የንድፍ ፕሮግራሙን) ለሚሠራም እንደዛው።

መልስ፦
እሱማ ልክ ነህ ጋሼ፣ ለፒችትሪና ለአውቶካድ ዊንዶውስ ላይ ቆዩ፣ እኔም ጎን ለጎን ያልኩት ለዚህ ነው። ጠያቂው ግን ጽሑፍና ኢንተርኔት ነው ሥራው። ቅዳሜ ከሰዓት ፔዳ አካባቢ ካለህ ሚንቱን የያዘ ፍላሽ አለኝ፣ ባዶ ፍላሽህን ይዘህ ና ልገልብጥልህ፣ መንገድ ላይ ግን ፎቶ ኮፒ ቤት እንዳታስገባት።