ያረጀ ላንድ ክሩዘር 80 በአነስተኛ ገንዘብ ማደስ፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)

ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 የተመረተ ላንድ ክሩዘር 80 አለኝ። ሞተሩ ቱርቦ (አየርን አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር፣ ማለትም ዋን ኤችዜድ የሚባለው ነው። ቤተሰብም እህልም ከመሐል ሜዳ በጣርማበር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን፣ አንዳንዴም ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የማመላልስበት መኪና ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የግል ተሽከርካሪ ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የዚህ ዓይነት መኪና ዋጋ የማይቀመስ ስለሆነ፣ ሸጬ ሌላ ልግዛ የሚለውን ሐሳብ ትቼ ያለኝን ለማደስ ወስኛለሁ።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው። በብርድ ወራት ጠዋት ሲነሣ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ እየተንገጫገጨ ጥቂት ከቆየ በኋላ ይስተካከላል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ጉልበቱም ደክሟል። ረጅም ዳገት ሲሆን የሙቀት ጌጁ ከፍ ይላል፤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት የሞተሩን ውኃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አስወጥቶታል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ የፍሬን ፔዳሉ እየለሰለሰ ይሄዳል። ከሁለቱ የፊት ጎማዎች በስተውስጥ ደግሞ ቀጠን ያለ ጥቁር ቅባት ይወርዳል።

እስካሁን ያገኘኋቸው ምክሮች ሦስት ናቸው፤ አንዱ ሞተሩ ይፈታና ሙሉ በሙሉ ይታደስ ይላል፣ ሁለተኛው ከሱማሌ ተራ (አዲስ አበባ ካለው የመኪና ዕቃ ገበያ) ያገለገለ ሞተር ገዝተህ ቀይር ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ቱርቦ አስገጥምበት ይላል። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ማውጣት አልችልም፤ እህል ሲሸጥ በየደረጃው የማወጣው ነው። እናንተ ብትሆኑ በየትኛው ትጀምራላችሁ?

መልስ 1 (ደብረ ብርሃን፣ የናፍጣ መካኒክ)

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ሞተሩ ይፈታ የሚለውን ምክር ለጊዜው ያቆዩት። ፋሻውና (የፒስቶኑ ቀለበትና) ሲሊንደሩ ያለቀ ሞተር ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ዘይትም ይበላል፤ እርስዎ ከዘረዘሩት ውስጥ ይህ የለም። ጥቁር ጭስ የሚመጣው ናፍጣው ከአየሩ ሲበዛ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ ያለው አየር በባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ይህንኑ የሳሳ አየር ሲሆን፣ ከፍታውን የሚያካክስ መሣሪያ የሌለው የናፍጣ ፓምፕ ግን ለዝቅተኛ ቦታ የተለካለትን ናፍጣ ሳይቀንስ ይልካል፤ ትርፉ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይወጣል። ስለዚህ የጉልበቱ መድከም ከፊሉ የአገሩ ጠባይ ነው፤ አዲስ ሞተር ቢያስገቡም አብሮዎት ይኖራል።

ቀሪው ግን በትንሽ ወጪ የሚስተካከል ነው። በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ይመልከቱ፣ የናፍጣ ፊልትሮውን ይቀይሩ፣ ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውኃም ያፍስሱ፤ በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ የሚጠቀም ሰው ይህን ቶሎ ቶሎ ማድረግ አለበት። ቀጥሎ ናፍጣ የሚረጩት ስድስቱም ኖዝሎች ወጥተው በመፈተኛ ማሽን ላይ ይታዩ። አጠገቡ ቆመው እንዲያዩ እመክርዎታለሁ፤ ጤነኛው ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ረጭቶ ቀጥ ሲል፣ የደከመው ግን በቀጭኑ ያፈሰዋል፣ ጫፉም ላይ ጠብታ ይንጠለጠላል። ያ ጠብታ ነው ጥቁር ጭስ የሚሆነው። ፓምፑንም የሚያስተካክለው የፓምፕና የኖዝል ባለሙያ ይሁን፤ መንገድ ላይ ብሎን እያጠበቁና እያላሉ የናፍጣ መጠን መለካት አይቻልም።

የጠዋቱ ነጭ ጭስ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ፣ አስቀድሜ የምጠረጥረው የማሞቂያ ካንዴላዎቹን ነው። አንድ በአንድ ይፈተኑ። አዲስ ሲገዙ የመኪናዎ የኤሌክትሪክ መሥመር 12 ይሁን 24 ቮልት አረጋግጠው ለእሱ የተሠራውን ይግዙ፤ ዋን ኤችዜድ በሁለቱም ዓይነት ስለሚገኝ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋና የራዲያተሩ ውኃ የሚጎድል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ይመርመር።

ኖዝሎቹ በወጡበት ጊዜ ኮምፕሬሽኑን (በየሲሊንደሩ የሚታመቀውን የአየር ግፊት) ያስለኩ። የጥገና መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለዝቅተኛ ቦታ የተሰጠ ስለሆነ እዚህ ሲለካ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ይህን የማያውቅ ባለጋራዥ ጤነኛ ሞተር ሊያስፈታዎት ይችላል። ትልቁ ምስክር የስድስቱ ሲሊንደሮች ንባብ እርስ በርስ መቀራረቡ ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ርቆ ከወረደ ስለ መፍታት ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ቴርሞስታቱን ዛሬ ነገ ሳይሉ ያስመልሱ። ብዙዎቹ የቶዮታ ቴርሞስታቶች ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ከፍተው ራዲያተሩን የሚያልፈውን አቋራጭ ይዘጋሉ፤ ሲወጡ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር የውኃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ይዞራል። በዚያ ላይ ሞተሩ በጠዋቱ ብርድ ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ለጭሱም ይጨምርበታል። የራዲያተሩንም ክዳን አይናቁት። መሐል ሜዳ ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ፣ ራዲያተሩ አዲስ ቢሆንም ዳገት ላይ ይፈላል።

መልስ 2 (ሸዋ ሮቢት፣ ሹፌር)

ወንድሜ የመካኒኩ ምክር ጥሩ ነው፤ እኔ ግን የመጀመሪያው ብር ፍሬን ላይ ይውላል እላለሁ። ከጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥቶ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ቁልቁለት ሁሉ የሚሸከመው ፍሬንና ማርሽ ነው። ቁልቁለት ላይ እየለሰለሰ የሚሄድ ፔዳል የሚነግርህ የፍሬን ዘይቱ መፍላቱን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ እርጥበት ሲጠግብ ግን የመፍያ ነጥቡ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ በመሥመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ስለሚታመቅ እግርህ ወለሉን ይነካል እንጂ ጎማው አይያዝም። ስለዚህ አሮጌው ዘይት ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ አዲሱ ከታሸገ ቆርቆሮ ይግባ፣ በፍሬን መሥመሩ ውስጥ የቀረው አየርም በአራቱም ጎማ ፍሬን በኩል ይውጣ። በዚያው የፍሬን ሸራዎቹ፣ ዲስኮቹና የፍሬን ዘይቱ የሚያልፍባቸው የላስቲክ ቱቦዎች ይታዩ፤ ቱቦው ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ አትለፈው። የፍሬን ዕቃ ፎርጅዱ ብዙ ስለሆነ በዋጋ ርካሽነት አትመን፤ ሌላ ነገር ቢቀር ይቅር እንጂ እዚህ ላይ አይቆጠብም።

አነዳዱም አለበት። የጣርማበሩ ዋሻ ጋ ሳትደርስ ማርሽ ቀንስ፤ ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ እየነዱ ማርሽ መፈለግ አደገኛ ነው። ናፍጣ ሞተር በከፍተኛ ማርሽ ላይ እምብዛም አይዝም፤ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ስትወርድ ግን ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምትነካው።

ከፊት ጎማ የሚወርደው ቅባት በዚህ መኪና የታወቀ ነው። መሪው በሚዞርበት ትልቁ ኳስ ውስጥ ያለው ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግድ ማሸጊያ) ሲያልቅ የዲፍረንሻሉ ዘይት ወደ ኳሱ ይገባና ወፍራሙን ግራሶ ያቀጥነዋል፤ ያየኸው ቀጭን ጥቁር ቅባት ይኸው ነው። ሁለቱም ወገን ተፈቶ ይታጠብ፣ ፓራኦሊዮዎቹና ኩሽኔታዎቹ (ቤሪንጎቹ) ይቀየሩ፣ አዲስ ግራሶ ይሞላ። ችላ ከተባለ የውስጡ መጋጠሚያ ያልቃል፣ ዘይቱም ወደ ፍሬን ዲስኩ ሊደርስ ይችላል። ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የዕቃው ወጪ ግን ከሞተር ሥራ ጋር አይወዳደርም።

መልስ 3 (አዲስ አበባ፣ የአንኮበር ተወላጅ)

ስለ ሁለቱ ትልልቅ ወጪዎች ልጨምር። ያገለገለ ሞተር ርካሽ የሚመስለው ታሪኩ ስለማይታወቅ ነው፤ ምን ያህል እንደሠራ፣ ሞቆ እንደነበረ፣ ቴስታታው ተሰንጥቆ እንደሆነ የሚነግርህ የለም። በተጨማሪም የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ የተመዘገበ ስለሆነ፣ ስትቀይር ሕጋዊ የግዢ ሰነድ ይዘህ ማስመዝገብ ይኖርብሃል፤ አለዚያ በዓመታዊው ምርመራ ወይም በሽያጭ ጊዜ ጣጣ ያመጣል። ያለህ ሞተር ታሪኩን የምታውቀው ስለሆነ ከዚያ ይሻላል።

ቱርቦውን ግን ከሌሎቹ ጋር አብሬ አላወግዘውም። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 0.3 ባር ገደማ ያንሳል፤ ያንኑ ብቻ የሚመልስ ለስላሳ ቱርቦ በትክክል ቢገጠም መኪናው ቆላ ላይ የነበረውን ጉልበት ያገኛል፣ ጥቁር ጭሱም ይቀንሳል። ጉዳቱ የሚመጣው ግፊቱንና ናፍጣውን አብረው ሲጨምሩት ነው። ዋን ኤችዜድ ናፍጣው በቅድሚያ በቴስታታው ውስጥ ባሉ ትንንሽ ክፍሎች የሚቀጣጠልበት፣ ያለ ቱርቦ እንዲሠራ የታሰበ ሞተር ስለሆነ ሙቀቱ ሲበዛ የሚሰነጠቀው እዚያው ነው። የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ሳይኖር ቱርቦ የሚገጥም ባለሙያ ካጋጠመህ ሥራውን አትስጠው።

ቀለም፣ የጣሪያ መጫኛና ከፍ የሚያደርግ ሞላ ይቆዩ። ዝገት ካለ ግን ባትላሜራው (የቦዲ ሠራተኛው) ቆርጦ ላሜራ ይበየድበት እንጂ በስቱኮ አይሸፈን፤ ከሥሩ መብላቱን ይቀጥላል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ በዚህ ወር የፍሬን ዘይት፣ ቱቦና ሸራ፣ ከዚሁ ጋር ቴርሞስታትና የራዲያተር ክዳን፤ ገብሱ ሲሸጥ ኖዝል፣ ካንዴላና የኮምፕሬሽን ልኬት፤ ከዚያ የፊት ኳሶቹ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር በልክ የሚያስኬደው ቀበቶ) ማስጠንቀቂያ መብራቱ በርቶ አያውቅም፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ደግሞ በቀድሞው ባለቤት ጊዜ ተቋርጦ ነበር። መብራቱን ልመን?

መልስ 1

አይመኑት ጋሼ። መብራቱ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚበራው በቆጣሪው ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ቆጣሪው ከቆመ እሱም አብሮ ይቆማል፣ ቺንጋው ሳይቀየርም እንዳይበራ ማድረግ ይቻላል። በዚህ ሞተር ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ ያቆየነው ሞተር የመፍታት ሥራ በግድ ይመጣል። ስለዚህ ከኖዝሉ አስቀድመው፣ ከፍሬኑ ጋር በዚህ ወር ያስገቡት፤ ቺንጋውና መወጠሪያ ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ፣ የተቀየረበት ቀንና የቆጣሪው ንባብም ሽፋኑ ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። ኖዝሎቹ ሲወጡ ደብረ ብርሃን ካመጡት ኮምፕሬሽኑን አብረን እንለካዋለን።