በቅርቡ ያያችሁት ፊልም የትኛው ነው? ያያችሁበት ቦታስ አስተያየታችሁን ለውጦታል?

ፊልም ወዳድ (ጥያቄ)፦

ውድ የፊልም ቤተሰቦች፣ ሰሞኑን የመጀመሪያውን አቶሚክ ቦምብ ሥራ ስለመራው ሳይንቲስት የሚተርከውን «ኦፐንሃይመር»ን ቤቴ ሆኜ በቴሌቪዥን ተመለከትሁት። እ.ኤ.አ. በ2023 ለእይታ የበቃው ይህ የክሪስቶፈር ኖላን ሥራ በተከታዩ ዓመት የምርጥ ፊልምን ጨምሮ 7 የኦስካር ሽልማቶችን የወሰደ በመሆኑ የጀመርሁት በታላቅ ጉጉት ነበር። የኪሊያን መርፊ ትወና ከጠበቅሁትም በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሌሎች ሲናገሩ እሱ ዝም ብሎ በሚያዳምጥባቸው ትዕይንቶች ዓይኖቹ ብቻቸውን ብዙ ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ንግግሩ በሙዚቃው እየተዋጠ በጣም አስቸገረኝ። ድምፁን ከፍ ሳደርግ ሙዚቃው ቤቱን ያናውጠዋል፤ ዝቅ ሳደርግ ደግሞ የሚባለው አይሰማም። በዚህም ምክንያት 3 ሰዓት የሚፈጀውን ፊልም የጨረስሁት ሪሞቱን ከእጄ ሳልለይ ነው። በሲኒማ ቤት ያየው ወንድሜ ግን ከቅርብ ዓመታት ፊልሞች ሁሉ የሚያስበልጠው ይህንኑ ነው። እናንተስ በቅርቡ ምን አያችሁ? ቤት ሆናችሁ ነው ወይስ በሲኒማ ቤት? መጨረሻውን ሳትገልጡ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የኋላ ወንበር፦

እኔ በሲኒማ ቤት ካዩት ወገን ስሆን ፍርዴም ከወንድምዎ ጋር ነው። ዋናው ምክንያቴ እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1945 የተካሄደውን የመጀመሪያውን የኒውክሌር ፍንዳታ የሚያሳየው ትዕይንት ነው። ስክሪኑ በብርሃንና በእሳት ይሞላል፤ ድምፅ ግን የለም፤ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ አዳራሹ በሙሉ ፀጥ ብሎ ሲጠብቅ ማንም ሰው ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም፤ ዘግይቶ የመጣው ድምፅም ከጆሮ አልፎ ደረት ላይ የሚያርፍ ነበር። ይህ መዘግየት ለማስደንገጥ ብቻ የገባ ጌጥ አይደለም። ብርሃን ወዲያው ሲደርስ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ፣ ኦፐንሃይመር ከነበረበት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው መጠለያ ለመድረስ ከ25 ሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል። ቤት ውስጥ አንድ የስልክ መልእክት ይህን ዝምታ ሊሰብረው ይችላል።

ስለ ንግግሩ ያሉት ግን ልክ ነው፤ በሲኒማ ቤትም ያመለጡኝ ዐረፍተ ነገሮች ነበሩ። ኖላን ተዋናዮች ቀረጻው ላይ የተናገሩትን እንጂ በኋላ ስቱዲዮ ገብተው የሚደግሙትን ንግግር እንደማይመርጥ ራሱ ተናግሯል፤ እኔ በበኩሌ ከዚህ ምርጫው የምናገኘውን የትወና እውነተኛነት ከጠፉት ቃላት አስበልጣለሁ። ደግመው የሚያዩት ከሆነ በቀለም የተቀረጸው ክፍል ነገሩን ከኦፐንሃይመር ዓይን፣ ጥቁርና ነጩ ደግሞ ከተቀናቃኙ ከሉዊስ ስትራውስ ወገን የሚያሳይ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ይህን ይዘው ሲገቡ የጊዜው መመላለስ ይቀላል።

ጥቁርና ነጭ፦

እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ታይቶ አንዳች ነገር ስለማይጎድልበት ፊልም ልናገር። በሳምንቱ መጨረሻ የሲድኒ ሉሜትን «12 አንግሪ ሜን» ከእናቴ ጋር ተመለከትን። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ፣ 96 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በቀር ሙሉው ታሪክ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚያልቅ ፊልም ነው። አሥራ ሁለት የዳኝነት ሸንጎ አባላት አባቱን በመግደል የተከሰሰ ወጣት ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ይከራከራሉ፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለም፤ እናቴ ግን ለሌላ ጉዳይ አንዴም አልተነሣችም። ከአባላቱ አንዱን ሆኖ የሚጫወተው ሄንሪ ፎንዳ፣ ግድያው የተፈጸመበትንና በዓይነቱ ብቸኛ ነው የተባለለትን ቢላዋ የሚመስል ሌላ ቢላዋ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲሰካው «እንዴ!» ብላ ጮኸች።

በዚህ ፊልም በጣም የማደንቀው የካሜራውን ሥራ ነው። ሉሜት እንዳስረዳው፣ የፊልሙ የመጀመሪያ ሲሶ ከዓይን ከፍታ በላይ፣ መካከለኛው በዓይን ከፍታ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከዓይን በታች ሆኖ ነው የተቀረጸው፤ ሌንሶቹም ቀስ በቀስ ረዘም ወዳሉት ስለሚለወጡ ግድግዳዎቹ ወደ ሰዎቹ የተጠጉ ይመስላሉ። ክርክሩ ሲከር ጣሪያው ጭምር እየታየ ክፍሉ ይጠባል፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም መጨናነቁ ይሰማዋል። ስለዚህ ትልቅ ስክሪን የሚያስፈልገው ፍንዳታና ሰፊ መልክዓ ምድር ላለው ፊልም ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በፊትና በንግግር ላይ ለቆመ ታሪክ ቤት በቂ ነው።

ማታ ተመልካች፦

በመጨረሻው ሐሳብዎ አልስማማም። ከትልቅ ስክሪን ይልቅ ቤት ውስጥ የሚጎድለን ድምፁ ነው፤ ለዚህም ማስረጃዬ «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» ነው። ጆናታን ግሌዘር እ.ኤ.አ. በ2023 ያቀረበው ይህ ሥራ የአውሽቪትስ ማጎሪያ ካምፕ አዛዥ የነበረው ሩዶልፍ ሆስ ከካምፑ ግንብ አጠገብ ከቤተሰቡ ጋር ሲኖር ያሳያል። ፍንዳታ የለም፤ ልጆች ይጫወታሉ፣ ሚስት አበባዋን ትንከባከባለች። በካምፑ ውስጥ የሚፈጸመውን ግፍ ዓይናችን አያይም፤ ጆሯችን ግን ከግንቡ ማዶ የተኩስ ድምፅ፣ ጩኸትና የማያቋርጥ ጉምጉምታ ይሰማል። በዓይናችን የምናየው ቤተሰብ የሚሰማውን ሁሉ ለምዶት ኑሮውን ሲቀጥል ማየት እጅግ ይከብዳል። ፊልሙ በምርጥ ድምፅና በምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልም ኦስካር ያሸነፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

በቴሌቪዥኑ ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች ስጀምረው ያ ጉምጉምታ ከነጭራሹ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ እንደገና ከመጀመሪያው አየሁት፤ ሌላ ፊልም ሆነብኝ። ለጠያቂያችንም የምመክረው ይህንኑ ነው። የሲኒማ ድምፅ የሚቀናበረው ለብዙ ድምፅ ማጉያዎች ሲሆን ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው ከመካከለኛው ነው፤ ያ ሁሉ በሁለት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች ሲጨመቅ ንግግርና ሙዚቃ በአንድ ቀዳዳ ለመውጣት ይጋፋሉ። ብዙ ቴሌቪዥኖች ንግግርን የሚያጎላ ማስተካከያ ስላላቸው የድምፅ ዝርዝሩ ውስጥ ይፈልጉት።

የኋላ ወንበር፦

በድምፁ ጉዳይ ከማታ ተመልካች ጋር ነኝ። ርዝመቱን በተመለከተ ግን ለቤት ተመልካቾች ልከራከርላቸው እወዳለሁ። የማርቲን ስኮርሴዚን «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» በሲኒማ ቤት አይቼዋለሁ፤ 206 ደቂቃ ያለ እረፍት! ሊሊ ግላድስተን በምትታይበት ትዕይንት ሁሉ ዓይኔን አልነቀልሁም፤ ሆኖም ከመጨረሻው ሰዓት ከፊሉን ያሳለፍሁት ፊልሙን ሳይሆን ወገቤን እያሰብሁ ነው። «ዘ ብሩታሊስት» ግን ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ የሚፈጅ ሆኖ ሳለ ዳይሬክተሩ ብሬዲ ኮርቤት በመካከሉ የ15 ደቂቃ እረፍት ስላስገባበት ሁለተኛውን ክፍል በታደሰ አእምሮ ጀመርሁት። ረጅም ፊልም የሚሠሩ ሁሉ ይህንን ቢያስቡበት ምንኛ መልካም ነበር። ቤት ያለ ሰው ማቆሚያውን ራሱ መምረጥ ይችላል፤ ትዕይንቱ እስኪያልቅ ከታገሠ ፊልሙን አይጎዳውም።

ፊልም ወዳድ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የንግግር ማጉያውን አግኝቼ ከፍቼዋለሁ፤ ለውጡ በግልጽ ይሰማል። በነካ እጃችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ምስሉ ፊልም ሳይሆን የስቱዲዮ ቀጥታ ስርጭት መስሎ ይታየኛል፤ ሰው ሲራመድ ከመጠን በላይ ይለሰልሳል። ይህስ ከምን የመጣ ነው?

ጥቁርና ነጭ፦

እሱ ከፊልሙ ሳይሆን ከቴሌቪዥኑ ነው። ፊልም በአብዛኛው የሚቀረጸው በሴኮንድ 24 ምስል ሲሆን፣ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች በየሁለቱ ምስል መካከል ራሳቸው የፈጠሩትን ምስል እየጨመሩ እንቅስቃሴውን ያለሰልሱታል። ለስፖርት ይጠቅም ይሆናል፤ ፊልምን ግን መልኩን ያጠፋዋል። የማስተካከያው ስም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በምስል ዝርዝሩ ውስጥ ስለ እንቅስቃሴ የሚናገረውን ፈልገው ያጥፉት። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ «ፊልምሜከር ሞድ» የሚባል ምርጫ በብዙ አምራቾች ዘንድ ስለተለመደ የእርስዎም ካለው እሱን ብቻ መምረጥ ይበቃል፤ ማለስለሱን በራሱ ያጠፋዋል።