ለሸክላ ማጫወቻ ከባድ የብረት ሳህን የቱ ምንጣፍ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የቶረንስ ቲዲ 124 ሸክላ ማጫወቻ የጎማ ምንጣፉ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ካርትሪጁ (መርፌውን የያዘው ድምፅ አንሺ ክፍል) ዴኖን ዲኤል-103 ነው። በቡሽ፣ በፌልት (የተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ) ወይስ በጎማ ልተካው?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማግኔቱን አስብበት። ከምንጣፉ ሥር ያለው የታችኛው ሳህን ካስት አይረን (ቀልጦ የተቀዳ ብረት) ከሆነ የካርትሪጁን ማግኔት ወደ ታች ይስበዋል፤ 2.5 ግራም ብለህ ያስተካከልከው፣ መርፌው ሸክላውን የሚጫንበት ክብደት፣ መርፌው ሸክላው ላይ ሲያርፍ ይጨምራል። ምንጣፉ በሳሳ ቁጥር ስበቱ ይብሳል። ስለዚህ ስስ ፌልት ይቅርብህ፣ ወፈር ያለ ጎማ ፈልግ። ክብደቱን ማግኔት በማይስበው ሚዛን፣ ልክ በሸክላው ከፍታ ላይ ለካ። ከፍ ብሎ ወይም ከሳህኑ ውጪ የተለካ ያሳስትሃል።

መልስ 2፦ በዚህ እስማማለሁ። ፌልት ደግሞ በደረቅ አየር ስታቲክ (የሚያጣብቅ የኤሌክትሪክ ሙል) ይይዝና ሸክላውን ስታነሳ አብሮ ይነሳል። ቡሽና ጎማ የተቀላቀለበትም ጥሩ ነው። ሞተሩን አጥፍተህ የሳህኑን ጠርዝ በጣትህ አንኳኳው፤ ምንጣፉ ላዩ ላይ እያለም እንደ ደወል ካቃጨለ ንዝረቱን አላፈነውም ማለት ነው። መሃሉ ከ10 ሴንቲሜትር ትንሽ ሰፋ ብሎ ጎድጎድ ያለውን ምንጣፍ ምረጥ፤ አለዚያ ሸክላው ወፍራም በሆነው ሌብሉ (መሃሉ ላይ ያለው ክብ ወረቀት) ላይ ብቻ ተቀምጦ ዳሩ ይንሳፈፋል።

መልስ 3፦ ካርትሪጁን የያዘውን የክንዱንም ከፍታ አትርሳ። አዲሱ ምንጣፍ በ2 ሚሊሜትር ከወፈረ የክንዱን መቆሚያ በ2 ሚሊሜትር ከፍ አድርግ፣ ከዚያ ክብደቱን እንደገና ለካ።