የኦክስጅን ሴንሰር ቀየርኩ፣ መብራቱ ግን ተመልሶ በራ

ሰላም ወገኖች፣ የምጽፈው ከጅማ ነው። ባለ 2.7 ሊትር የቤንዚን ሃይሉክስ ፒክአፕ አለችኝ። ቤተሰቤን የማስተዳድረው በእሷ ከአጋሮ ቡና እያመላለስኩ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። ነዳጅ መብላት ጀመረች፤ ጭሷም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ጋራዥ በማሽን ሲያነቧት ፒ0135 የሚል ኮድ አወጣ፤ የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር (ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) የማሞቂያ መስመር ችግር አለበት ማለት ነው። ሴንሰሩን ፈትቼ በቴስተር ለካሁት። በሁለቱ የማሞቂያ ሽቦዎች መሀል ምንም አያነብም። ተቃጥሏል ብዬ አዲስ ገዛሁ፤ እሱ 13 ኦም ያነባል። ኮዱን አጠፋን፣ እፎይ አልኩ። ሁለት ቀን እንኳ ሳይቆይ ሰቃ መንገድ ላይ ያ ቢጫ መብራት ቦግ አለ። ኮዱም ያው ነው።

ትናንት ከሥር ገብቼ ሶኬቱን ነቀልኩት። አንዱ ፒን አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ሽቦው የጭስ ማውጫውን ቱቦ ነክቶ ላስቲኩ ቀልጧል። የጅማ ዝናብና ጭቃ መቼም ታውቁታላችሁ። ፊውዙ ደህና ነው። ሞተሩ ተነስቶ ስለካው በአንዱ ፒን 12 ቮልት ይመጣል።

መካኒኩ "የሞተሩ ኮምፒውተር ይቀየር" ይለኛል። ዋጋውን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ፤ ነገሩም አልተዋጠልኝም። የማሞቂያውን ኔጌቲቭ የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ከሆነ፣ መሀል ላይ ያ የቀለጠው ሽቦ ተበጥሶ ቢሆንስ? መስመሩን እስከ ኮምፒውተሩ እንዴት ልለካው? መጀመሪያ ባትሪ መፍታት አለብኝ? ብቀጥለውስ እዚያ ሙቀት ላይ በምን ልሸፍነው?

እባካችሁ የደረሰበት ሰው ይንገረኝ። ቡናው አጋሮ ተከምሮ እየጠበቀኝ ነው።