ኮራልን ፍሪዘር ውስጥ መሞከር፦ ልጀምር ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ

ጠያቂ፦ ዜኒያ ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

የባሕር ውሃ አኳሪየም መያዝ ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር ሌሊት ላይ ማሞቂያው ተበላሸ። ጠዋት ስነሳ ቴርሞሜትሩ 16 ዲግሪ ይላል። እኔ ሁልጊዜ 25 ላይ ነው የምይዘው። ኮራሎቹ በሙሉ ተኮማትረው ድንጋዩ ላይ ተለጥፈዋል። ቀኑን ሙሉ ቀስ እያልኩ አሞቅኩት። አክሮፖራ የምትባለው ድንጋያማ ኮራሌ በሦስተኛው ቀን ሥጋዋ ተገፎ ነጭ አጽም ሆና ቀረች። እንጉዳይ የሚመስሉት ኮራሎች ግን በሳምንቱ ምንም እንዳልነካቸው ተዘርግተው አገኘኋቸው። ዜኒያ የምንላቸው፣ እጃቸውን የሚከፍቱና የሚዘጉ ለስላሳ ኮራሎችም ተርፈዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እስከ ስንት ዲግሪ ይችላሉ? 10? 5? በረዶ ከሆኑ በኋላስ የሚነቃ ይኖራል? ዜኒያ እንደ አረም ነው የሚበዛው፤ በየወሩ እየቆረጥኩ እጥለዋለሁ። ስለዚህ 20 ቁራጭ ልወስድ፣ ግማሹን ፍሪጅ ግማሹን ፍሪዘር ላስገባ፣ በየሰዓቱ እያወጣሁ የነቃውንና የሞተውን ልመዘግብ አሰብኩ። ዕቃዎቹ ላይ ቁጥር ሁሉ ለጥፌ ጨርሻለሁ።

ትናንት ማታ ልጀምር ስል ትንሿ ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር። ዜኒያዎቹ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። «ያማቸዋል?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። መቀሱን አስቀመጥኩት።

የምጠይቃችሁ ይኼንን ነው። ድሮም የምጥለውን ነገር ባቀዘቅዘው ጥፋቱ ምንድን ነው? ጥፋት ከሌለውስ እጄ ለምን እምቢ አለኝ?

መልስ 1፦ አረንጓዴ ኮከብ

ወንድሜ፣ እኔ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልንገርህ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። አረንጓዴ ኮከብ የምንለውን ለስላሳ ኮራል ስድስት ቁራጭ በኩባያ የባሕር ውሃ አድርጌ ፍሪዘር ከተትኩ። የባሕር ውሃ ዜሮ ላይ አይረጋም፤ ወደ 2 ዲግሪ ከዜሮ በታች መውረድ አለበት። እኔ ይኼንንም አላውቅም ነበር። ዳር ዳሩ ሲጠጥር አወጣሁት። ቀለማቸው አልጠፋም፤ በሕይወት ያሉ መሰሉኝ። ደስ ብሎኝ ገንዳው ውስጥ መለስኳቸው።

በማግስቱ ሥጋቸው ዝልግልግ ብሎ መውረድ ጀመረ። ሽታው እስካሁን ትዝ ይለኛል። የበሰበሰው ነገር አሞኒያውን ሰቀለው፤ ሁለት ዓሣ ሞተብኝ። እነሱ የሙከራው አካል አልነበሩም።

በጣም የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ምንም አልመዘገብኩም። ውሃው ስንት ዲግሪ ላይ እንደነበር እንኳ አልለካሁም። ስድስቱም በከንቱ ነው የሄዱት። አንተ ቢያንስ ቁጥር ለጥፈሃል።

መልስ 2፦ የድሮ መምህር

ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ልጅህ የጠየቀችው ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቁም ነገር ልመልስ።

ኮራል እንስሳ ነው፤ ተክልም ድንጋይም አይደለም። አንጎል ግን የለውም፤ ያለው በሰውነቱ ላይ የተዘረጋ የነርቭ መረብ ነው። ሲነካ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ይኮማተራል። ከዚህ ተነስቶ እኛ በምናውቀው መልክ ያመዋል ማለት አይቻልም። ሕጉም ከዚህ አልራቀም። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ያወጣው የቤተ ሙከራ እንስሳት ሕግ የጀርባ አጥንት ያላቸውን ይጠብቃል፤ ከሌሎቹ የጨመረው ኦክቶፐስንና ዘመዶቹን ብቻ ነው። ኮራል የለበትም። ስለዚህ የሚከስህ የለም። ግን አንተ የጠየቅከው ስለ ክስ አይደለም።

እኔ የምጠይቅህ ይህ ሙከራ ምን ያሳውቅሃል ብዬ ነው። የቤት ፍሪዘር ወደ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የሚያቀዘቅዘው ግን በዝግታ ነው። በረዶው መጀመሪያ ከሴሉ ውጭ ይሠራል። የሴሉን ውሃ ይመጠዋል፤ ውስጥ የቀረው ጨው ይበረታል። ውስጥ ድረስ ሲዘልቅ ደግሞ ክሪስታሉ ሽፋኑን ይበሳዋል። ኮራሉ ውስጥ የሚኖሩት፣ ምግብ የሚሠሩለት አልጌዎችም ከዚህ ዕጣ አያመልጡም። ውጤቱን ሳትጀምር አሁን ልጽፍልህ እችላለሁ፤ ፍሪዘር የገባው በሙሉ ይሞታል። መልሱ የታወቀ ጥያቄ ላይ ሕይወት ማውጣት ነው እኔን የሚከብደኝ።

ኮራልን ማቀዝቀዝ በራሱ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ሜሪ ሃገዶርን የምትባል፣ ስሚዝሶኒያን በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም የምትሠራ ተመራማሪ ብዙ ዓመት የደከመችበት ሥራ ነው። የኮራልን የዘር ፍሬ አቀዝቅዘው አቆይተው፣ በኋላ አዲስ ኮራል አስወልደውበታል። በ2023 ደግሞ እሷና ባልደረቦቿ የሃዋይ ኮራል ትንንሽ ቁራጮችን 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች አድርሰው መለሱ። ሲቀልጡ ኦክስጅን ይተነፍሱ ነበር። በረዶ እንዳይሠራ የሚያደርጉ ኬሚካሎች ተጠቅመዋል። መጠናቸው ካለፈ እነዚህ ራሳቸው መርዝ ናቸው። ቁራጮቹ የተዘጉበትም በረዶው የሚስፋፋበት ቦታ እንዳያገኝ የሚከለክል ጠንካራ የብረት ዕቃ ነበር። ባሕሩ እየሞቀ የኮራል ሪፎች አልጌዎቻቸውን እያጡ እየነጡ ባሉበት ዘመን ይህን የመሰለ ሥራ ዋጋ አለው። በሚያዝያ 2024 አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ይፋ ሆኗል። የእነሱ ቁራጭ የሞተው ለዚህ ነው።

ቅዝቃዜና ግግር ግን ሁለት ነገር ናቸው። በጥር 2010 ፍሎሪዳ ብርድ መጥቶ ውሃው ሳይረጋ ብዙ ኮራል ገድሏል። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ደግሞ አስትራንጂያ የሚባል ኮራል አለ፤ ክረምቱን ውሃው ወደ 2 ዲግሪ ሲቀርብ እንቅልፍ የመሰለ ነገር ውስጥ ገብቶ ያሳልፋል። ስለዚህ «ስንት ድረስ ይችላሉ?» ያልከው ጥሩ ጥያቄ ነው። የአንተ 16 ዲግሪ ሌሊት ራሱ መረጃ ነው። የቱ እንደሞተ፣ የቱ በስንተኛው ቀን እንደተከፈተ በደንብ ጻፈው፤ አንድ ተጨማሪ ፖሊፕ፣ ማለት ኮራሉ የተሠራበት ትንሽ እንስሳ፣ ሳይሞት የተገኘ ነው።

ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 ለእንስሳት ሙከራ ሦስት ነገር መክረው ነበር፤ በሌላ መተካት ከተቻለ ተካ፣ ቁጥሩን ቀንስ፣ ጉዳቱን አለዝብ። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ አስቀድሜ የምጠይቃቸው ይህንኑ ነበር።

መልስ 3፦ ጥልቅ ውሃ

በአጭሩ ሁለት ነገር ልጨምር።

ቁራጩ ከየት መጣ? ከገዛ ገንዳህ የበዛ ዜኒያና ከባሕር የተነቀለ ድንጋያማ ኮራል አንድ አይደሉም። ድንጋያማዎቹ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይቲስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ንግዳቸው ቁጥጥር አለው። ለሙከራ ብሎ እነሱን መግዛት እኔ አልደግፍም።

ሁለተኛው የራስህ ጤና ነው። ገንዳው ውስጥ ዞአንቲድና ፓሊቶአ የሚባሉት፣ ቁልፍ የሚመስሉ የኮራል ዘመዶች ያሉት ሰው ይህን ሙከራ ጨርሶ እንዳያስበው። ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። ፍሪዘር አያጠፋውም። የረጋውን በፈላ ውሃ ወይም በማይክሮዌቭ አቀልጣለሁ የሚል ሰው እንፋሎቱን ይተነፍሰዋል። በዚህ ምክንያት ቤተሰብ በሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። አንተ ደግሞ ልጅ አለችህ።

ጠያቂ፦ ዜኒያ ጠባቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ እርስዎ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ፍሪዘሩን ትቼዋለሁ። ቁጥር የለጠፍኩባቸውን ዕቃዎች አጥቤ መለስኩ። ጥያቄዬንም ቀየርኩት። ለካ እኔ ማወቅ የሚያስፈልገኝ ማሞቂያው ሲበላሽ ማስጠንቀቂያው ስንት ዲግሪ ላይ ይጩህ የሚለውን ነው። ለእሱ ማንንም መግደል አያስፈልግም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ለብቻው ትንሽ ገንዳ፣ አራት የዜኒያ ቁራጭ። ሌላ አራት በ25 ዲግሪ ለማነጻጸሪያ። በቀን አንድ ዲግሪ ብቻ እቀንሳለሁ። መክፈትና መዝጋታቸው ሲዘገይ እዚያው አቆማለሁ፤ ቀስ ብዬም እመልሳቸዋለሁ። ከተረፉ አልጥላቸውም፣ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ይገባሉ። መምህር፣ አራት ያንሳል ይላሉ? ሦስት ቢሆኑስ?

አረንጓዴ ኮከብ፣ እህቴ፣ በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ።

ለልጄም መለስኩላት። «እንደ እኛ አንጎል የላቸውም፤ ሲከፋቸው ግን ይዘጋሉ፤ እኛም ያን ጊዜ እናቆማለን» አልኳት። ቆጣሪዋ እሷ ናት። ዛሬ ማታ ገና ሳንቀንስ ሰዓት ይዘን ቆጠርን። ትልቋ ዜኒያ በደቂቃ 37 ጊዜ ከፈተች፣ ዘጋች።