የአጎቴ ክሩገርራንድ በ21 ካራት ሂሳብ ይሸጥ?

ጠያቂ፣ ከጅማ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደቡብ አፍሪካ ለብዙ ዓመታት በሥራ የቆየው አጎቴ ሲመለስ ክሩገርራንድ የሚባለውን የወርቅ ሳንቲም ለእናቴ አምጥቶላት ነበር። አሁን ለእህቴ ትምህርት ገንዘብ ስላስፈለገን ሂርማታ ወደሚገኝ አንድ ወርቅ ቤት ይዤው ሄድኩ። ሚዛኑ 33.9 ግራም አሳየ፤ ባለቤቱ ቀላ ያለውን መልኩን አገላብጠው ካዩ በኋላ «እንደ 21 ካራት ጌጥ ነው የምናስበው» አሉኝ። ሳንቲሙ ላይ ግን አንድ አውንስ ንጹሕ ወርቅ ተብሎ ተጽፏል፤ የወርቅ አውንስ ደግሞ 31.1 ግራም ነው። ሚዛኑ ለምን በለጠ? ከቡና ሽያጭ የሚተርፈንን ገንዘብስ ወደፊት በእንዲህ ዓይነት ሳንቲም ማስቀመጥ ያዋጣል?

መልስ፣ ከአንድ ወርቅ ሠሪ፦
ወንድሜ፣ ሚዛኑም ጽሑፉም ልክ ናቸው። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ፣ ክሩገርራንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1967 ጀምሮ የሚሠራው መዳብ ተቀላቅሎበት በ22 ካራት ነው፤ ቅላቱም ከመዳቡ የመጣ ነው። ከ33.93 ግራም ውስጥ 31.1ው ንጹሕ ወርቅ ነው። (ይህ አውንስ ከአባቶቻችን ወቄት፣ ማለትም ከጠገራ ብር 28 ግራም ክብደት፣ ጋር አይምታታብዎት።) በ21 ካራት ከታሰበ ግን የሚከፈልዎ ለ29.7 ግራም ብቻ ስለሚሆን፣ አንድ ግራም ተኩል የሚጠጋ ንጹሕ ወርቅ በነጻ ያስረክባሉ። ባለቤቱ ሊያታልሉ ፈልገው ነው አልልም፤ ያልለመዱትን ዕቃ በለመዱት ጌጥ ሂሳብ ገምተውት ይሆናል። እርስዎ በ22 ካራት እንዲታሰብ ይጠይቁ፤ ደግሞም አደራ፣ ድንጋይ ላይ እንዲያሹት አይፍቀዱ፤ የተፋቀ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል።

መልስ፣ ከሌላ ተሳታፊ፦
እውነተኛነቱን ሳይፋቅ መፈተን ይቻላል። ውኃ የያዘ ብርጭቆ በወርቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ዜሮ ያድርጉት፤ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለው የብርጭቆውን ወለል ሳይነካ ውኃው ውስጥ ያስጥሙት። ሚዛኑ ወደ 1.9 ግራም ካነበበ ለ22 ካራት ወርቅ የሚገባው ክብደት አለው፤ ከዚያ ብዙ ከበለጠ በቀላል ብረት የተሠራ ነው። ስፋቱም 32.77 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባል።

መልስ፣ ስለ ቁጠባው፦
ጌጥ ሲገዙ የከፈሉት የእጅ ዋጋ ሲሸጡ አይመለስም። ሳንቲም በዚህ ይሻላል፤ በወርቁ ዋጋ ላይ የሚጨመርበት ትንሽ ነው፣ ምንም እንኳ በአንድ አሥረኛ አውንሱ ላይ ከሙሉው ይልቅ ጭማሪው ቢከብድም። ይህ ብልጫ ግን የሚጠቅመው ሳንቲሙን አውቆ የሚገዛ ሰው በአቅራቢያ ሲኖር ነው፤ እርስዎም ሂርማታ ላይ ያዩት ይህንኑ ነው። የወርቅ ዋጋ በዶላር ስለሚቆረጥ ብር ሲዳከም ባለወርቁን ይጠብቀዋል፤ ሆኖም በጥር 1980 አውንሱ 850 ዶላር ሲደርስ የገዛ ሰው ያንን ዋጋ መልሶ ያየው በ2008 ነበር፣ በመካከሉም ወርቁ ወለድ አላፈራለትም። ስለዚህ የትምህርት ቤት ክፍያንና የቡና ለቀማ ሠራተኞችን ደመወዝ ወርቅ ውስጥ አያስገቡ፤ ለዓመታት የማይነኩት ገንዘብ ከሆነ ግን አልቃወምም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከጎረቤት ሚዛን ተውሰን በእናቴ የስፌት ክር አንጠልጥለን አጠመቅነው፤ ሚዛኑ 1.93 አነበበ። ነገ ፈረንጅ አራዳ ያሉትን ወርቅ ቤቶች በ22 ካራት ሂሳብ እጠይቃለሁ።