ክርክር፦ ማንም በእጁ ሠርቶ የማይጨርሰው የሒሳብ ማረጋገጫ ዕውቀት ይባላል?

አወያይ፦ የአራቱ ቀለማት ቲዎረም፣ በወረቀት ላይ የተሳለን ማንኛውንም ካርታ የሚዋሰኑ አገሮች ቀለማቸው ሳይመሳሰል ለመቀባት አራት ቀለም ይበቃል ይላል። ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ1852 ተነሳ፤ በ1976 የሒሳብ ሊቃውንቱ አፔልና ሃከን ኮምፒውተርን 1,200 ሰዓት ገደማ አሠርተው ፈቱት። ስሌቱን በሙሉ በእጁ የሠራ ሰው ግን የለም። ታዲያ አወቅን እንበል?

የሎጂክ ተማሪ፦ ክርክሩ ሳይጀመር አንድ ማስተካከያ። እያንዳንዱ አገር አንድ ወጥ መሬት መሆን አለበት፤ በነጥብ ብቻ መነካካትም መዋሰን አይባልም። እነዚህ ካልተጨመሩ ቲዎረሙ ሐሰት ነው።

የሒሳብ መምህር፦ አወቅን አንበል። ማረጋገጫ ለምን እውነት እንደሆነም ማሳየት አለበት። አምስት ቀለም እንደሚበቃ የሚያሳየውን ተመልከቱ። በየትኛውም ካርታ ከአምስት ያልበለጡ ጎረቤቶች ያሉት አንድ አገር አይጠፋም፤ ይህ የካርታን አገሮች፣ ድንበሮችና የድንበር መገናኛ ነጥቦች ብዛት ከሚያያይዘው ከኦይለር ቀመር ይወጣል። ያን አገር አውጡት፣ የቀረውን ቀቡ፣ ከዚያ መልሱት። አምስቱ ጎረቤቶቹ አምስቱንም ቀለም ይዘው ከተገኙ፣ በዙሪያው በተራ ቁጥር ስጧቸው፤ ከ1ኛው ጎረቤት ተነስቶ በ1ኛውና በ3ኛው ቀለም እየተፈራረቀ የሚሄደውን ሰንሰለት ተከተሉ። 3ኛው ጎረቤት ጋ ካልደረሰ ሁለቱን ቀለማት አለዋውጡ፤ አንድ ቀለም ነጻ ይወጣል። ከደረሰ 2ኛውን ጎረቤት ከ4ኛው ይለያያቸዋልና ልውውጡን በእነሱ ላይ አድርጉ። አለቀ። ይህን የተከታተለ ሰው ምክንያቱን በእጁ ጨበጠ።

ፕሮግራመር፦ መምህር፣ ያነሱት ዘዴ እኮ ኬምፕ የተባለው የሒሳብ ሰው በ1879 አራት ቀለም እንደሚበቃ አረጋገጥኩ ሲል የተጠቀመበት ነው። ሁለት ሰንሰለቶችን በአንድ ጊዜ አለዋወጠ፤ የአንዱ ልውውጥ ግን ሌላውን ሰንሰለት ሊለውጠው ይችላል። ሂዉድ ስህተቱን ያሳየው በ1890 ነው። ሰው አንብቦ የተረዳው ማረጋገጫ 11 ዓመት ሙሉ ስህተት ሆኖ ቆየ!

የኮምፒውተሩ ሥራ ግን እየጠራ ሄዷል። በ1997 ሮበርትሰን፣ ሳንደርስ፣ ሲሞርና ቶማስ መመርመር ያለባቸውን የአገሮች አቀማመጦች ወደ 633 አወረዱ። ቲዎረሙን የሚያፈርስ ካርታ ቢኖር፣ ከእነዚያ ሁሉ ትንሹ ከ633ቱ አንዱን የግድ መያዝ አለበት፤ አንዱንም ሊይዝ እንደማይችል ደግሞ ማሽኑ እያንዳንዱን መርምሮ አሳየ። በ2005 ጎንቲዬ ማረጋገጫውን በሙሉ ያኔ ኮክ ይባል በነበረው ማረጋገጫ መርማሪ ሶፍትዌር ጻፈው፤ እዚያ እያንዳንዱ እርምጃ በአንዲት አነስተኛ የፕሮግራም እምብርት ተመርምሮ ያልፋል። ስለዚህ ሰው ማንበብ ያለበት «ካርታ»ና «መዋሰን» በትክክል መበየናቸውን ነው። ስህተት የሚደበቀውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ ማሽኑ ያልተጠየቀውን ጥያቄ በትክክል ይመልሳል።

የሎጂክ ተማሪ፦ ወደ ሎጂክ ሊቁ ጎዴል ሳይኬድ አይቀርምና ልቅደም። የ1931 ውጤቱ «ሰው ከቶ የማያውቀው እውነት አለ» አይልም። የሚለው፣ የቁጥር ሒሳብን የያዘና እርስ በርሱ የማይጣረስ፣ አክሲየሞቹ (ያለ ማረጋገጫ የሚወሰዱ መነሻዎቹ) በግልጽ የተደነገጉለት ሥርዓት ሁሉ በራሱ ውስጥ የማያረጋግጠው እውነት ይቀረዋል ነው። በጠነከረ ሌላ ሥርዓት ያ ሊረጋገጥ ይችላል። ለዚህ ክርክር የሚቀርበው የ1936ቱ ሥራው ነው፤ ደካማው ሥርዓት ውስጥ ሊረጋገጡ እየቻሉ፣ በጠንካራው ካልሆነ በቀር ማረጋገጫቸው እጅግ የሚረዝም ዐረፍተ ነገሮች አሉ። እንግዲህ እውነቱ እያለ፣ ማረጋገጫውም እያለ፣ ለማንበብ ዕድሜ አይበቃም ማለት ነው።

ፕሮግራመር፦ በ2016 የተገኘውን እዩ። ከ1 እስከ 7,824 ያሉትን ቁጥሮች ለሁለት መክፈል ይቻላል፣ a² + b² = c² የሚሆኑ ሦስት ቁጥሮች አንድ ቡድን ውስጥ ሳይገቡ። 7,825 ሲደርስ አይቻልም። ማረጋገጫው ወደ 200 ቴራባይት ነበር። መልሱን የሚፈልገው ፕሮግራም ውስብስብ ስለሆነ አይታመንም፤ ስለዚህ የእርምጃዎቹን መዝገብ ያወጣል፣ ሌላ ቀለል ያለ ፕሮግራም መዝገቡን ይመረምራል።

የሒሳብ መምህር፦ መልካም፣ 7,825 ላይ እንደማይቻል እቀበላለሁ። ግን ለምን 7,825? 200 ቴራባይቱ ውስጥ ለዚህ መልስ የለም። «ተረጋግጧል» ይባል፣ አልቃወምም። «ገብቶናል» ለማለት ግን ምክንያቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያሳይ ሰው እፈልጋለሁ፤ ለአራቱ ቀለማትም ያን አጭር መንገድ የሚፈልጉ ሰዎች ፍለጋውን ባይተዉ ደስ ይለኛል።

ፕሮግራመር፦ አጭር መንገድ ከሌለስ? የሎጂክ ተማሪው አሁን ያነሳው ይህንኑ አይደለም?

የሒሳብ መምህር፦ ካልኖረ አለመኖሩን የሚያረጋግጥ ይምጣ። ለአራቱ ቀለማት እስካሁን ያን ያሳየ የለም።